ሎክ የሆነ ስልክ ለማስከፈት ሁለተኛ ክፍያ ተጠየቅሁ፤ ልክፈል?

ጥያቄ፦ «ከውጭ የመጣ ያገለገለ አይፎን ከአንድ ግለሰብ ገዛሁ። ሲም ሳስገባበት ‹ሲም ኖት ሰፖርትድ› ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ ስልክ የሚከፍት አገልግሎት አግኝቼ አይኤምኢአይ የሚባለውን የስልኩን መለያ ቁጥር ላክሁ፣ በካርድም ከፈልኩ። ኮዱ በኢሜይል ይላክልሃል ተብዬ ስጠብቅ ከሦስት ቀን በኋላ ስልክህ ‹ፕሪሚየም› ከሚባለው ምድብ ስለሆነ የከፈልከውን እጥፍ ጨምር፣ ካልጨመርክ ትዕዛዙ ይሰረዛል፣ ገንዘብህም አይመለስም አሉኝ። የአይክላውድ (የአፕል አካውንቴን) ኢሜይልና የይለፍ ቃልም ጠይቀውኛል። ልክፈል? ካልከፈልኩስ ቁጥሩ በእጃቸው ስለሆነ ስልኬን ሊዘጉብኝ ይችላሉ? ጓደኛዬ ደግሞ ይህን ሁሉ ትተህ ከሲሙ ጋር የምትገባ ቺፕ ግዛና ተገላገል ይለኛል።»

መልስ፦ አይክፈሉ። የይለፍ ቃልዎንም አይስጡ። ሰጥተው ከሆነ ማንበቡን ያቁሙና መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ፤ ሌላው ይደርሳል።

«ፕሪሚየም» የምትለውን ቃል እነዚህ ሰዎች አልፈጠሯትም። በዚህ ንግድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ለመክፈት የሚያስቸግሩ ስልኮችን በዚህ ስም ይጠራሉ፣ ዋጋውም በእርግጥ ይለያያል። ነገር ግን ስልኩ ከየትኛው የቴሌኮም ኩባንያ ጋር እንደታሰረና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚጣራው ገንዘብ ከመቀበል በፊት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም። ሦስት ቀን አስጠብቆ «ገና አሁን ደረስንበት» የሚል ሻጭ፣ እርስዎ የመጀመሪያው ገንዘብ እንዳይቀልጥብዎ ሲሉ ሁለተኛውን እንደሚጨምሩ አስልቶ ነው። ቢጨምሩም በዚያ አያበቃም። ቀጥሎ የሚመጣው «ተመላሽ የሚሆን ማስያዣ» ነው፣ ከዚያ «የሰርቨር ክፍያ»። ስሙ ይቀያየራል እንጂ የተከፈተ ስልክ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስልክ «ሎክ ነው» ሲባል የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል፤ አጭበርባሪው የሚጠቀመውም ይህን መደበላለቅ ነው። አንደኛው የኔትወርክ ሎክ ነው፤ ቀፎውን በቅናሽ ወይም በዱቤ የሸጠው ኩባንያ በሌላ ኩባንያ ሲም እንዳይሠራ ያሰረው ማለት ነው። ሁለተኛው የአካውንት ሎክ ነው። አይፎን ላይ አክቲቬሽን ሎክ ይባላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 (ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) የአይፎን ሲስተም ከሆነው አይኦኤስ 7 ጋር የመጣ ሲሆን ብዙ ሰው «አይክላውድ ሎክ» የሚለው እሱን ነው። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ስልኩ ከተደመሰሰ በኋላ የቀድሞውን ጎግል አካውንት የሚጠይቀው ኤፍአርፒ አለ። ሦስተኛው እንዲያውም ሎክ ሳይሆን እገዳ ነው፤ ስልኩ ጠፍቷል ወይም ተሰርቋል ተብሎ አይኤምኢአይ ቁጥሩ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ሲገባ ኔትወርክ አያገኝም። የስክሪን ኮድም አለ፤ ለሠራተኞቹ ስልክ ያደለ መሥሪያ ቤት ከርቀት የሚያስረውም አለ።

እነዚህን ሁሉ የሚፈታው አንድ ሰው አይደለም። የኔትወርኩን ያሰረው ኩባንያ ይፈታል። የአካውንቱን የአካውንቱ ባለቤት ይፈታል፤ አፕልም የመጀመሪያውን የግዢ ደረሰኝ ካየ በኋላ ሊያነሳው ይችላል። ጥቁር መዝገብ ውስጥ የገባውን የሚያስነሳው ያስመዘገበው ኩባንያ ብቻ ነው። ስለዚህ «ማንኛውንም ሎክ፣ የየትኛውንም አገር፣ በአንድ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም።

የእርስዎ ስልክ «ሲም ኖት ሰፖርትድ» ካለ ችግሩ የኔትወርክ ሎክ ነው። ሲሙን አውጥተው በዋይፋይ ስልኩን መክፈት ከቻሉ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ጀነራል፣ ቀጥሎ አባውት ይግቡና ወደ ታች ሲወርዱ «ካሪየር ሎክ» የሚል መስመር ያገኛሉ። ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ባሉት ላይ አለ። እዚያ ላይ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ከተጻፈ ስልኩ ክፍት ነው፤ «ሲም ሎክድ» ካለ አልተከፈተም። ይህቺን መስመር በደንብ ያስታውሷት። ማንም ሰው «ተከፍቷል» ብሎ አረንጓዴ ምልክት ያለበት የስክሪን ፎቶ ቢልክልዎ ፎቶውን ትተው ይህቺን ማየት ነው። አንድሮይድ የያዛችሁ ደግሞ የሌላ ኩባንያ ሲም ከሰው ተውሳችሁ አስገቡ፣ ከዚያ ደውሉ። ያገለገለ ስልክ ገንዘብ ከመስጠት በፊት እንዲህ ቢፈተሽ ከምቀበላቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ባልመጡ ነበር።

«ኮዱ በኢሜይል ይላክልሃል» የሚለው ሌላው ውሸት ነው። የኔትወርክ ሎክ በኮድ ይከፈታል የሚለው እምነት ከድሮ ኖኪያዎች የቀረ ነው። በነዚያ ስልኮች ላይ ኮዱ ከአይኤምኢአይ ቁጥሩና ከኔትወርኩ መለያ ተሰልቶ የሚወጣ ስለነበር፣ ስሌቱን የደረሱበት ሰዎች በሠሩት ትንሽ ፕሮግራም ማንም በነፃ ያወጣው ነበር። በኋላ የመጡት ስልኮች ኮዳቸው ከቁጥሩ ጋር ዝምድና የለውም፤ አምራቹ ወይም ኩባንያው መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠየቅ እንጂ ተሰልቶ የሚገኝ አይደለም። አይፎን ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ኮድ የሚባል ነገር የለም። ስልኩ ክፍት ወይም እስር መሆኑ የተመዘገበው በአፕል ሰርቨር ላይ ነው። ኩባንያው መዝገቡ እንዲቀየር ሲያደርግ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አዲሱን ሁኔታ ይቀበላል፣ የሚመታ ቁጥር የለም። አፕል ራሱ አይፎንን ከኔትወርክ ሎክ መፍታት የሚችለው ኩባንያው ብቻ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ለአይፎን ኮድ እንልካለን ያለ ሰው በዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ ራሱን አጋልጧል።

በኮድ የሚከፈቱ አንድሮይድ ስልኮች አሁንም አሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው፦ የሚሞከረው ብዛት የተወሰነ ነው። ከየቦታው የተለቃቀመ ኮድ ሲመታባቸው ሙከራው ያልቅና ብዙዎቹ ሞዴሎች ጭራሽ ይደርቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ኮድ ቢመጣም ሌላ ማስለቀቂያ ኮድ ይፈልጋሉ። አንዳንድ ኩባንያዎች የሚሸጧቸው አንድሮይዶች ደግሞ የሚከፈቱት ውስጣቸው በተጫነ መተግበሪያ በኩል ብቻ ነው፤ ለእነሱም ኮድ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም።

«ነፃ የኮድ ማውጫ» የሚባሉትን ገጾች አንድ ጊዜ ላሳያችሁ። አይኤምኢአይ ቁጥሩን ስታስገቡ ጥቁር መስኮት ይከፈትና አረንጓዴ ጽሑፍ ይንጠባጠባል፤ «ከሰርቨር ጋር ተገናኝቷል»፣ «ኮድ ተገኝቷል» ይላል። ከዚያ ግማሹ በኮከብ የተሸፈነ ቁጥር ያሳያችኋል። ቀሪውን ለማየት ሰው መሆናችሁን አረጋግጡ ይባላል፤ ማረጋገጫው ደግሞ ሁለት ጌም መጫን ወይም ስልክ ቁጥር መስጠት ነው። ጌሙ በተጫነ ቁጥር የገጹ ባለቤት ኮሚሽን ያገኛል፤ ስልክ ቁጥር የሰጠ ደግሞ ሒሳብ የሚቆርጥ አጭር መልእክት ውስጥ ራሱን አስመዝግቦ ያገኘዋል። ከኮከቦቹ ሥር ምንም የለም።

ከዚህ የረቀቀች ዘዴም አለች። ቁጥሩን እንዳስገባችሁ ገጹ የስልካችሁን ሞዴል በስሙ ይጠራዋል፤ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያምነው። *#06# ደውላችሁ የምታዩት አይኤምኢአይ 15 አኃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የሞዴሉ መለያ ናቸው፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ቁጥሩ በስህተት እንዳልተጻፈ ማረጋገጫ ናት። ስምንቱን አኃዝ አይቶ ሞዴሉን መጥራት ለማንም ይቻላል፣ ስልኩን ከመክፈት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ይህ ስለ ቁጥሩ ያለዎትን ስጋትም ይመልሳል። እነዚህ ሰዎች አይኤምኢአይ ቁጥርዎን በመያዝ ብቻ ስልክዎን መዝጋት አይችሉም። ጥቁር መዝገብ ውስጥ የሚያስገባው ኩባንያው ነው፣ የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ በስሙ የተመዘገበለትን ደንበኛ ነው። ቁጥሩን ለማንም መበተን ጥሩ አይደለም፤ ሌላ ቀፎ ላይ አስመስለው የሚጽፉ አሉ። «ካልከፈልክ እንዘጋዋለን» የሚለው ዛቻ ግን ባዶ ነው። የሚያስፈራው የጠየቁዎት ሌላው ነገር ነው።

የኔትወርክ ሎክ ለመፍታት ከእርስዎ የሚያስፈልገው አይኤምኢአይ ቁጥሩ፣ ሞዴሉና ያሰረው ኩባንያ ማንነት ነው። የአይክላውድ የይለፍ ቃል ለዚህ ሥራ ምንም አይፈይድም። ለእነሱ ግን ብዙ ይፈይዳል። የይለፍ ቃሉን ይዘው ሲገቡ ስልክዎ ላይ ባለ 6 አኃዝ ማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል፤ «ሲስተሙ የላከውን ቁጥር ንገረን» ይሉዎታል። ከነገሯቸው ፎቶዎ፣ አድራሻዎችዎ፣ ምትኬዎ በእጃቸው ገባ። አልፎም ስልኩን ጠፍቷል ብለው ከርቀት ይቆልፉትና ማስለቀቂያ ይጠይቁበታል። ያኔ እውነተኛ ሎክ መጣ ማለት ነው፣ እሱም በገዛ አካውንትዎ። የጠፋ ስልክ የሚፈለግበትን «ፋይንድ ማይ» አጥፋ የሚል ጥያቄም ከዚሁ ወገን ነው። ኮምፒውተርዎን በኤኒዴስክ ወይም በቲምቪወር እንድንቆጣጠር ፍቀድ፣ ወይም የምንልከውን ፕሮግራም ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፋ ከተባሉም ንግግሩ እዚያ ያብቃ።

ታዲያ በሦስተኛ ወገን ስልክ አስከፍቶ የተጠቀመ ሰው የለም ወይ? አለ፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። የተወሰኑት በእርግጥ ይከፍታሉ። ጥያቄው በየት በኩል አልፈው ነው የሚል ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2021 12 ዓመት የተፈረደበት ሰው ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለውን የቴሌኮም ኩባንያ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች በጉቦ ይዞ፣ በኋላም የኩባንያው ሲስተም ላይ ተንኮል አዘል ፕሮግራም አስጭኖ፣ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ስልኮችን አስከፍቷል። ኩባንያው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደከሰረ በፍርድ ቤት ተነግሯል። በ2022 ደግሞ ቲሞባይል የተባለው ሌላ የቴሌኮም ኩባንያ መሸጫ ሱቅ ባለቤት የነበረ ሰው የኩባንያውን ሠራተኞች የይለፍ ቃል እየሰረቀ ስልኮችን ሲከፍት ኖሮ 10 ዓመት ተፈርዶበታል፤ ለደንበኞቹ የሚነግራቸው ግን ሥራው ሕጋዊ የኩባንያው አገልግሎት እንደሆነ ነበር። ገበያው ላይ «ኦፊሻል አንሎክ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው እንዲህ ካለ ቦታ ሊመጣ ይችላል። መንገዱ የተዘጋ ቀን ሻጩ ይጠፋል፤ ኩባንያውም በማጭበርበር የተከፈተውን ስልክ መልሶ ሊያስረው ይችላል።

ቀጥተኛው መንገድ ስልኩን ያሰረውን ኩባንያ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎች ይህን ሳይሞክሩ ገንዘብ ያወጣሉ። ኩባንያዎቹ በአብዛኛው የሚፈልጉት የቀፎው ዋጋ ተከፍሎ ማለቁን፣ የተወሰነ ጊዜ በኔትወርካቸው ላይ መሥራቱንና ጠፋ ተብሎ አለመመዝገቡን ነው። ይህ ከተሟላ በብዙ ቦታ በነፃ ይፈቱታል። ካናዳ ከዲሴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ኩባንያዎች ስልክ ለመክፈት ገንዘብ እንዳያስከፍሉና አዲስ ስልኮችን ክፍት አድርገው እንዲሸጡ አስገድዳለች። በብሪታንያ የታሰረ ስልክ መሸጥ የተከለከለው ከዲሴምበር 17 ቀን 2021 ጀምሮ ነው፤ ጃፓንም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሲም ሎክን በመርህ ደረጃ አስቀርታለች። አሜሪካ ውስጥ ግን ዛሬም የታሰሩ ስልኮች በብዛት ይሸጣሉ፤ በ2014 የወጣው ሕግ ባለቤቱ የራሱን ስልክ ከኔትወርክ እስር እንዲያስፈታ ይፈቅዳል። የእርስዎ ስልክ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በነፃ ሊፈታ የሚገባው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለሁለተኛ እጅ ገዢ የሚያስቸግረው፣ ኩባንያዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚያነጋግሩት የራሳቸውን ደንበኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሻጩን ይያዙት። ጥያቄውን በስሙ እንዲያቀርብ ወይም ስልኩን መጀመሪያ ከገዛው ሰው ጋር እንዲያገናኝዎ ያድርጉ። ዕዳ ቀርቶበት ከሆነ ደግሞ ዕዳው ሳይከፈል ማንም በሕጋዊ መንገድ አይፈታውም። ነገሩ የአካውንት ሎክ የሆነባችሁ ደግሞ ቀላል መፍትሔ አላችሁ፦ የቀድሞው ባለቤት ስልኩን መንካት ሳያስፈልገው፣ ካለበት ሆኖ አይክላውድ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ስልኩን ከአካውንቱ ማውጣት ይችላል፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን አላደርግም የሚል ሻጭ ስልኩ የእሱ ላይሆን ይችላል።

የጓደኛዎ ቺፕ እውነት አለች። ከሲሙ ጋር ተጣብቃ ትገባና ስልኩን የታሰረበት ኩባንያ ሲም እንደገባበት ታስመስላለች። ለጊዜው ልትሠራ ትችላለች፤ ስልኩ ግን አልተከፈተም፣ «ካሪየር ሎክ» የሚለውም መስመር አይለወጥም። አፕል ቀዳዳውን ሲደፍን ወይም ስልኩን ስታዘምኑት መሥራት ታቆማለች፣ ወይ እንደገና ማስተካከል፣ ወይ አዲስ ቺፕ መግዛት ይመጣል። ስልኩን ደህንነቱን ሳያዘምኑ መያዝም የራሱ ዋጋ አለው። ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት አይፎን 14ና ተከታዮቹ ደግሞ የሲም ማስገቢያ ራሱ የላቸውም። እኔ አልመክርም፤ ሻጩ «የተከፈተ ነው» ብሎ የሸጠላችሁ ስልክ ውስጥ ቺፕ ካገኛችሁ ደግሞ ተታላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ያጣሩ። ስልኩ ቢከፈት እንኳ የሚጠቀሙበት ኔትወርክ የሚሠራባቸውን ባንዶች (የሬዲዮ ሞገዶች) ካልያዘ ወይም ቮልቲኢው (በ4ጂ ኔትወርክ የሚደረገው የድምፅ ጥሪ) በኩባንያው ካልተደገፈ ኢንተርኔቱ ሊንቀራፈፍ፣ ጥሪም ላያስተላልፍ ይችላል። የሞዴሉን ቁጥር ይዘው የኔትወርክ ኩባንያዎን ይጠይቁ።

ኩባንያው እምቢ ብሎ፣ ሻጩም ጠፍቶ፣ የግድ በሦስተኛ ወገን መሞከር ካማራችሁ፣ ሊመለስ በሚችል መንገድ ብቻ ክፈሉ። በክሬዲት ካርድ የተከፈለ በባንክ በኩል ይከራከሩበታል። በፔይፓል ከሆነ ለዕቃና አገልግሎት በሚለው እንጂ ለወዳጅና ዘመድ በሚለው አትላኩ፣ ሁለተኛው ምንም ከለላ የለውም። ክሪፕቶ፣ የስጦታ ካርድና ሐዋላ አንዴ ከወጡ አይመለሱም፤ በእነሱ ብቻ እንቀበላለን የሚል ሻጭ ይህን ስለሚያውቅ ነው።

እርስዎ በካርድ መክፈልዎ ጥሩ ሆነ። ዛሬውኑ ከሰዎቹ ጋር የተጻጻፉትን ሁሉ፣ በተለይ እጥፍ ጨምር ያሉበትን መልእክት፣ በስክሪን ፎቶ ያስቀሩ፤ ገጹ ነገ ላይኖር ይችላል። በጽሑፍ አንድ ጊዜ ብቻ ገንዘቤን መልሱ ይበሏቸውና አይከራከሩ። ከዚያ ካርዱን ወደ ሰጠዎት ባንክ ደውለው የከፈልኩበት አገልግሎት አልተሰጠኝም ብለው ክርክር ይክፈቱ። የጊዜ ገደብ አለው፤ በአብዛኛው እስከ 120 ቀን ነው፣ ባንክዎ ግን ሊያሳጥረው ስለሚችል አያዘግዩ። የካርድ ቁጥርዎን ገጹ ላይ በቀጥታ ጽፈው ከሆነ ካርዱ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። የአይክላውድ የይለፍ ቃሉን ሌላ ቦታም የሚጠቀሙበት ከሆነ እዚያም ይቀይሩ፤ አካውንትዎ ውስጥ የማያውቁት መሣሪያ ካለም ያስወጡት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ «የተበላብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን» የሚል ሰው ሊደውልልዎ ወይም ሊጽፍልዎ ይችላል፤ የከፈሉትን ልክና የስልክዎን ሞዴል ሳይቀር ጠቅሶ። ዝርዝሩን ያገኘው ከእነዚሁ ሰዎች ነው፣ ብዙ ጊዜም ራሳቸው ናቸው። እሱም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ነው። አይመልሱለት።